የአራተኛው አልጋ ብልቃጦች

የፍሪዘሩ በር ሲከፈት የወጣው ቀዝቃዛ ጉም የኢንስፔክተሩን መነጽር ሸፈነው፤ ስለዚህ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ መጀመሪያ ያየው በጭፍኑ ነበር። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ ሲያጠልቅ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ነገር አላየም። በረዶ የለበሱ ሳጥኖች፣ በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ጣት የሚያካክሉ ብልቃጦች በረድፍ ተሰድረዋል፤ ከመካከላቸው አራት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው።

«እዚህ ነበሩ» አለ የላብራቶሪ ባለሙያው ባዶዎቹን ቀዳዳዎች በጣቱ እየነካ።

«የት እንደነበሩማ አየሁ። ውስጣቸው ምን ነበር?»

«ሽንት።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ሳጅኗ ዞረ። ሳጅኗ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ «ሽንት» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራው የተሰረቀ ወርቅ ፈልጓል፣ የተሰረቀ መኪና ፈልጓል፣ አንድ ጊዜም ከነምሰሶው የተነቀለ የቆርቆሮ አጥር ፈልጎ አግኝቷል። እንዲህ ያለው ግን ገጥሞት አያውቅም።

«የማን ሽንት?»

«የአራተኛው አልጋ።»

«አልጋ ነው የሚሸናው?»

«ሟቹን ማለቴ ነው። እኛ በአልጋ ቁጥር ነው የምንጠራቸው።»

ሟቹ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። የእግሩ ቁስል አመርቅዞ ደሙን መረዘውና ዐርብ ዕለት ሆስፒታል ገባ፤ ቅዳሜ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ፤ ሰኞ ሞተ። ይህ ከሆነ አሥር ቀኑ ነው። አባቱ አናጺው «ልጄን የገደለችው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት መርፌ የወጋችው ዶክተር ናት» ብሎ ከሰሰ። መርፌው ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ዶክተሯም አልካደችም። ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ኩላሊቱ የተጎዳው ከመርፌው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለዚህ መልስ ይሰጣሉ የተባሉት፣ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ በየስድስት ሰዓቱ ለጥናት የተቀዱት አራት ብልቃጦች ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ኮሚቴ «ይመርመሩ» ብሎ ወሰነ። ዛሬ ሐሙስ ፖሊስ ሊረከባቸው ሲመጣ ውሃ በላቸው። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ብልቃጦቹ ካልተገኙ ዶክተሯ የሥራ ፈቃዷን ተነጥቃ ለዐቃቤ ሕግ ትተላለፋለች።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምስማሩ ላይ።»

ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ጎን የተመታውን ምስማር አሳየው። ቁልፉ ከነክሩ ተንጠልጥሏል።

«ከውጭ?»

«ውስጥ ብናንጠለጥለውማ በሩን በምን እንከፍተዋለን?»

ኢንስፔክተሩ ዐይኑን ጨፍኖ እስከ አምስት ቆጠረ። ሚስቱ ናት ይህን ያስተማረችው፤ የደም ግፊቱ ነገር ስለሚያሳስባት። እስከ ዛሬ ሠርቶለት አያውቅም።

«የሚገባና የሚወጣው ግን ይመዘገባል» አለ ባለሙያው ደብተር እየዘረጋለት። «ሁሉም ይፈርማል።»

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«ይሄስ?»

«እሱም የኔ ነው። ሰዎቹ ሳይፈርሙ ስለሚሄዱ ወደ ማታ ላይ እኔ አሟላላቸዋለሁ።»

ደግነቱ ፍሪዘሩ ራሱ ማስታወሻ ይይዛል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱን የሚመዘግብ ትንሽ መስኮት አለው። ከማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቷል፤ ረቡዕ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ለአርባ ሰከንድ። ኢንስፔክተሩ በዚህ ቤት ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር መነጋገር እንደሚሻል ተረዳ።

«ረቡዕ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ። ሚስቴን ጠይቋት።»

«ሥራ የምትገባው በስንት ሰዓት ነው?»

«በሁለት።»

«ረቡዕ በስንት ሰዓት ገባህ?»

ባለሙያው ጫማውን አየና «ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን» አለ። ሳጅኗ ይህንንም ጻፈች።

ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ቢሮ እስከ ጣሪያው በወረቀት የተሞላ ነው። ኢንስፔክተሩ የሚቀመጥበት ወንበር እስኪገኝ አንድ ክምር ወደ መስኮቱ፣ ሌላ ክምር ወደ በሩ ተዛወረ። ፕሮፌሰሩ ሽበታም፣ ፈጣን ተናጋሪ ናቸው። መጀመሪያ ያዩት ደግሞ የእንግዳቸውን ፊት ሳይሆን እግር ነበር።

«እግርዎ ያብጣል?»

«ጌታዬ፣ የመጣሁት ስለ እግሬ ለመነጋገር አይደለም። እነዚህ ብልቃጦች ምን ሊነግሩን ነበር? ለእኔ ለማላውቀው በሚገባኝ ቋንቋ ይንገሩኝ።»

«ደም ሲመረዝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመታው ኩላሊት ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እኛ ሐኪሞች ኩላሊት መጎዳቱን የምናውቀው በደም ምርመራ ነው፤ ክሬአቲኒን የሚባለው ሲጨምር። ችግሩ ክሬአቲኒን የሚጨምረው ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ቤቱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ የሚደርስ እሳት አጥፊ በሉት። እኔ የማጠናው ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው። ኩላሊት በተጎዳ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ሽንት ላይ የሚታይ ፕሮቲን። ማን እንደሚያገግም፣ ማን እጥበት እንደሚያስፈልገው በጊዜ ብናውቅ ስንቱን ባተረፍን።»

«የሾፌሩ ክሬአቲኒንስ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ደህና ነበር፣ እሑድ ጣሪያ ነካ። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው መርፌውን የሚከሰው። በአራት ሰዓት የተቀዳው የመጀመሪያው ብልቃጥ ምልክቱን ካሳየ ግን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊቱ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ልጅቷ ነጻ ናት። ካላሳየ…» እጃቸውን ዘረጉ።

«እስካሁን የመረመረው ሰው አለ?»

«ማንም። የሚመረመሩት ሁሉም ተጠራቅመው ነው።»

«እርስዎስ ረቡዕ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበሩ?»

«ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ኩላሊት እያስተማርኩ ነበር።»

ሳጅኗ ደውላ አጣራች። ስልሳ ሳይሆን አርባ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፣ የቀሩት ተኝተው ቀርተዋል። ፕሮፌሰሩ ግን እዚያው ነበሩ።

ዶክተሯ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ካሳለፈችው ሳምንት በኋላ ግን አርባ ዓመት ትመስላለች። ከሥራ ታግዳ ሳለ ነጭ ካፖርቷን አጥፋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

«ረቡዕ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ሆስፒታል አልነበርኩም።»

«እሺ። የት ነበርሽ?»

«ያንን አልናገርም።»

የኢንስፔክተሩ ቆሽት አረረ። «ስሚ፣ ዶክተር። ብልቃጦቹ ነጻ ያወጡሻል ተብሎ ይጠበቃል፣ ብልቃጦቹ ጠፉ። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ሰዎቹ ይፈርዱብሻል። እኔ ልረዳሽ እየለመንኩሽ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ልመና አልወድም። የት ነበርሽ?»

«ሌላ ሰው የሚያስቸግር ነገር ነው። ብናገረውም ምንም አይረዳኝም።»

«መርፌውንስ ለምን ሰጠሽው?»

ለዚህ መልስ ነበራት። «ደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በሌላ መድኃኒት አልመለስ አለ። ግፊቱ እየወረደ ነበር። በመድኃኒት ክፍሉ የቀረን ያ ብቻ ነው፤ ባልሰጠው እስከ ማታ አይደርስም ነበር። እታለም ሽንቱ እንደቀነሰ ነግራኛለች። የጠዋቱ ክሬአቲኒን ደህና ስለነበር አንድ ጊዜ ብቻ ልስጠው አልኩ።» ካፖርቱን ደግማ አጠፈችው። «እኔም እኮ ማወቅ እፈልጋለሁ። ገድዬው ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እታለም የሚሏት የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን አንጋፋ ነርስ ነው፤ ዶክተሩም፣ አስታማሚውም፣ የጽዳት ሠራተኛውም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ክፍል ሠርታለች፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ኢንስፔክተሩ ሲገባ የአንዱን ሕመምተኛ ከንፈር በእርጥብ ጥጥ እየነካካች ነበር። ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰችለት።

«ጥሩ ልጅ ነበር። እስኪደክም ድረስ ያጫውተኝ ነበር፤ የአውቶቡሱን ፌርማታዎች በቃሉ እየጠራ።»

«ሽንቱን የቀዱት እርስዎ ነዎት?»

«የቅዳሜውን ተራ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እስከ እሑድ ጠዋት። ቀድቼ እዚህ ትንሿ ፍሪጅ ውስጥ አኖራለሁ፣ ጠዋት አራቱንም አንድ ላይ ወስጄ አስረክባለሁ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ረቡዕ ጠዋትስ?»

«አዳሪ ነበርኩ። በአንድ ሰዓት አስረክቤ ወጣሁ፣ ወንድሜ።»

ደግ ፊት ነበራት። ከጠዋት ጀምሮ ኢንስፔክተሩን ያላናደደችው እሷ ብቻ ነበረች። ሲወጣ ሳጅኗ ጠረጴዛ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ የሟቹን ፋይል እየጎተተች አገኛት።

«ይሄን ኮሚቴው አልወሰደም እንዴ?»

«የላብራቶሪውን ውጤት ብቻ ነው የወሰዱት። ይሄ የነርስ ወረቀት ነው አሉ።»

«ያዢው» አለ፣ ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ።

ዐርብ ጠዋት አባትየው የወንበር እግር እየላገ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት አይሆንም፤ ሳጅኗ በሩ ላይ ቆመች።

«አባቴ፣ በዶክተሯ ላይ ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ?»

«ምን እጨምራለሁ፣ ልጄ። ገደለችው፣ አለቀ። ይኸው መጥታ እንኳ ቆማ ነበር።»

«የት?»

«እዚህ፣ እናንተ የቆማችሁበት።»

ኢንስፔክተሩ የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። «መቼ?»

«ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቁን ስከፍት። አንድ ሰዓት ገደማ። ይቅርታ ልጠይቅዎት አለችኝ። በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። አልሄድ ብላ እስከ ሁለት ሰዓት እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ሁሉ እያየ።»

«አባቴ፣ ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ከሱቁ እስከ ሆስፒታሉ በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ኢንስፔክተሩ ውጭ ወጥቶ ከሱቁ ፊት ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ። ዶክተሯ የአዛውንቱን ሐዘን ላለመረበሽ ዝም ትላለች፣ አዛውንቱ ካልተጠየቁ አይናገሩም፣ እሱ ሙሉ ቀን አጥቷል። ሳጅኗ በትዕግሥት ጠበቀችው።

«እንግዲህ ዶክተሯ አይደለችም» አለች።

«አይደለችም። ፕሮፌሰሩም አይደሉም። ያ እንቅልፋምም አይደለም፤ እሱ በዚያ ሰዓት አይነሳም። እስቲ አስቢ፤ ሌባ አንድን ማስረጃ የሚሰርቀው የሚናገረውን ስለሚያውቅ ነው። ብልቃጦቹን ማንም አልመረመራቸውም። ሳይመረመሩ የሚሉትን ማን ሊያውቅ ይችላል?»

ሳጅኗ ጥያቄ ሲቀርብላት መልስ የሚጠበቅባት ይመስላታል። አሰበች። «የቀዳቸው ሰው።»

 ኢንስፔክተሩ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ፋይሉን አወጣ። የነርሷ ወረቀት በአልጋው ግርጌ የሚንጠለጠለው ነው፤ በየሰዓቱ ካቴተሩ፣ ማለትም የሽንት ቱቦው፣ ወደ ከረጢቱ ያወረደው ሽንት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ይጻፍበታል። ከጎኑ ከላብራቶሪው ያመጡትን፣ ቀጂዋ ነርስ ብልቃጦቹን ስታስረክብ የምትሞላውን የናሙና መዝገብ ዘረጋ። ሁለቱም በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ክብ ክብ ጽሕፈት ተጽፈዋል።

«ከመዝገቡ አንብቢልኝ።»

«ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሁለተኛ ብልቃጥ፣ አሥር ሚሊ ሊትር።»

«አሁን ደግሞ ከዚህኛው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምረሽ።»

«ስድስት ሰዓት፣ አምስት። ሰባት ሰዓት፣ ዜሮ። ስምንት፣ ዜሮ። ዘጠኝ፣ ዜሮ። አሥር…» ቀና አለች። «አሥርም ዜሮ ነው፣ ጌታዬ። ታዲያ በአሥር ሰዓት የተቀዳው ሽንት ከየት መጣ?»

በስምንት ሰዓት ነበር ሆስፒታል የደረሱት። እታለም አምስት ሕመምተኞች ይዛ ብቻዋን ነበረች። ኢንስፔክተሩ ፕሮፌሰሩን አስጠርቶ፣ ሁለቱን ወረቀቶች መድኃኒት በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ያላናደደችው ብቸኛ ሰው እሷ በመሆኗ ከሁሉም ይልቅ እሷ ላይ ተናዶ ነበር።

«እታለም፣ ሁለቱም የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ነው። አንዱ ውሸት ነው። የቱ ነው?»

ወረቀቶቹን አላየቻቸውም። ጓንቷን አወለቀች።

ኢንስፔክተሩ ቀጠለ። «ዝም ካሉ ምን እንደሚሆን ልንገርዎት። ኮሚቴው ይህንን ያያል፣ ያንን ያያል፣ እርስ በርስ ተጣሉ ይላል፣ ሁለቱንም ይጥላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያቺ ልጅ ለዐቃቤ ሕግ ትተላለፋለች። ብልቃጦቹን የወሰደ ሰው ግን አይታወቅም። ይህ ይሁን ካሉ እሄዳለሁ።»

«ሰባት አልጋ ነበረኝ» አለች እታለም። «ጓደኛዬ ታማ ቀረች። ሰባት አልጋ፣ ሁለት እጅ። በየስድስት ሰዓቱ ከቱቦው አፍ ላይ ቅጂ ይላሉ፣ ጓንት ቀይሪ፣ በረዶ ላይ አድርጊ። አንዱ ትንፋሽ አጥሮታል፣ አንዱ ቱቦውን ነቅሎ ሊወርድ ይታገላል። እሑድ ንጋት ላይ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሲገባለት ትንሽ ሽንት ወረደ። ከከረጢቱ ቀዳሁና አራቱንም ሞላሁ። ሰዓቱን ለየብቻ ጻፍኩበት።»

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሽው?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ፕሮፌሰሩ የመድኃኒት ሳጥን ላይ ተቀመጡ። የሦስት ዓመት ሥራቸው ነው። በማን ይናደዱ? ሰባት አልጋ ላይ አንድ ነርስ የመደበውን አያውቁትም፣ ብልቃጦቹን በየስድስት ሰዓቱ ይቀዱ ያሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

«ማክሰኞ ሊመረመሩ ነው ሲባል ሰማሁ» አለች እታለም። «አራቱም ከአንድ ከረጢት ናቸው፤ ሲመረመሩ አራቱም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ያጋልጠኛል። ካላጋለጠኝም የቅዳሜ ጠዋቱ ብልቃጥ የእሑድ ንጋትን ሽንት ይዞ በሐሰት ይመሰክራል። ሁለቱንም ፈራሁ። ረቡዕ አስረክቤ ስወጣ ቁልፉን ከምስማሩ አንስቼ ወሰድኳቸውና ሽንት ቤት ደፋኋቸው።»

«ልጅቷስ? ስትታሰር ዝም ሊሉ ነበር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗ እንባ ሞላ። «በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እል ነበር። ፈሪ ነኝ፣ ወንድሜ። ሁለት ዓመት ነበር የቀረኝ።»

ፕሮፌሰሩ የነርሷን ወረቀት አንስተው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ከዜሮዎቹ ጎን በትንሹ የተጻፈ ነገር ነበር፤ «ካቴተሩ ታጥቧል፣ አልተዘጋም፣ የሚወርድ የለም፣ ለዶክተር ተነግሯል»። ሰባት ሰዓት ላይ። መርፌው ሊሰጥ አንድ ሰዓት ሲቀረው።

«ኩላሊቱ ቆሞ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ክሬአቲኒን ገና አላወቀም እንጂ ቆሞ ነበር። የደሙ መመረዝ ነው ያቆመው፣ መርፌው አይደለም። እኔ ይህን የሚነግረኝ ምልክት ሦስት ዓመት ስፈልግ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።»

«ይህ ወረቀት እውነት የሚሆነው ግን ያኛው ውሸት እንደሆነ ሲታመን ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። እስክሪብቶውን አቀበላት። ጻፈች። «መዝገቡ ውሸት ነው» ከሚለው ቃሏ ሥርም ፈረመች። ሳጅኗ ወረቀቶቹን ይዛ ከፕሮፌሰሩ ጋር ወደ ኮሚቴው ሄደች።

ኢንስፔክተሩ የሚናደድበትን ፈለገና አጣ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ሊገባው አልቻለም።

«የአልጋው ግርጌ ወረቀት ላይስ ለምን አሥር ብለው አልጻፉም? ሁለቱ በተስማሙ ነበር። ማንም አይደርስብዎትም ነበር።»

እታለምን የጠየቃት ነገር ግራ ያጋባት መሰለ።

«እሱማ የሕመምተኛው ነው» አለች። «ሐኪሙ እሱን አይቶ እኮ ነው የሚያዝለት።»

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሳጅኗ ነበረች። «ኮሚቴው ዶክተሯን ነጻ አድርጓታል፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ግን ችግር አለ። ስብሰባው ላይ የመጡት አባትየው የነርሷን ወረቀት ይዘው አልመልስም ብለዋል። እየደጋገሙ ያነቡታል። ዶክተሯ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ የማይገባቸውን ታሳያቸዋለች።»

«ኮፒ አድርገሻል?»

«ኮፒ ማድረጊያው ተበላሽቷል።»

ኢንስፔክተሩ ሊጮህ አፉን ከፈተና ተወው። «አንብበው እስኪጨርሱ ጠብቂያቸው» አለ።

ከዚያ ወደ እታለም ዞሮ፣ መሄድ እንዳለባቸው በምን ቃል እንደሚነግራት ሲያስብ ቀደመችው። «ተተኪዋ እስክትመጣ ትጠብቀኛለህ? አምስት ሰው ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም።» ጠበቃት። ተተኪዋ ነርስ አርባ ደቂቃ ቆይታ እያለከለከች ደረሰች። ርክክቡ ከመጀመሪያው አልጋ ተጀመረ። እታለም በየአልጋው ሥር ጎንበስ እያለች የከረጢቱን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ ተተኪዋ ትጽፋለች።